ኮከብ የሌለው ቅድመ አያት

በምናብ ቋንቋ መፍጠር ለብዙዎቻችን የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለናል። እኔ ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ ፖለቲካችን የጎደለውን ሐቀኝነት አያለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ የላቲን ቃላትን ወስዶ የጀርመን ቋንቋዎች ባለፉበት የድምፅ ለውጥ ማሳለፍ፤ የተገኘውንም ላልነበረ ሕዝብ የአባቶች ቋንቋ ማድረግ። ያዕቆብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ባስቀመጠው ሕግ መሠረት «ፕ» ወደ «ፍ»፣ «ክ» ወደ «ህ»፣ «ድ» ወደ «ት» ይለወጣሉ። ላቲኑ ዓሣን «ፒስኪስ» ሲለው ጥንታዊው ጎቲክ «ፊስክስ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ስ» የቀደመችው «ክ» ብቻ ሳትነካ ትቀራለች። እንግዲህ ሕዝብ ማለት የሆነው «ፖፑሉስ» «ፎፉሉስ» ይሆናል፤ ሰላም ማለት የሆነው «ፓኬም» ደግሞ «ፋሄም»። ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ግእዙ «ኮነ» እና «ኵሉ» ሲል አማርኛችን «ሆነ» እና «ሁሉ» ይላል።

የዚህ ሥራ ክብሩ ሕጉ አለማዳላቱ ነው። ፈጣሪው የወደደውን ቃል ከለውጡ ሊያስመልጥ፣ የጠላውንም ሊያጠፋ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው፣ ላቲንን በዌልስኛ የድምፅ ሕግ ያሳለፈው ብሪዘኒግ የተባለ ቋንቋም ፈጠራ መሆኑን ደብቆ አያውቅም። የቋንቋ ሊቃውንትም በጽሑፍ ያልተገኘን፣ በስሌት ብቻ የተደረሰበትን ቃል ሲጽፉ ከፊቱ ኮከብ ያኖራሉ። ኮከቧ «ይህ ግምታችን ነው» የምትል የእምነት ቃል ናት።

ፖለቲካ የሚጀምረው ይህችን ኮከብ በመፋቅ ነው። «አርያን» የሚለው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ዘንድ የቋንቋ ቤተሰብ መጠሪያ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የደም መጠሪያ ሆነ። የኦክስፎርዱ ማክስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1888 ቋንቋንና ዘርን ማደባለቅ ስሕተት መሆኑን አጥብቆ ቢያስጠነቅቅም ሰሚ አላገኘም። ሂምለር እ.ኤ.አ. በ1935 «አነንኤርበ» የተባለውን ተቋም ሲመሠርት ምሁራን ደመወዝ እየተከፈላቸው የአባቶችን ታሪክ እንደ ትእዛዙ አመረቱ። የዚያ ፍጻሜ ምን እንደነበረ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። የፈጠራ ዘር ግን ከእውነተኛው ይበልጥ ይስባል፤ የሚያርመው ማስረጃ የለውምና። በየመድረኩ የሺህ ዓመት የዘር ግንድ የሚዘረጋልንን ሁሉ፣ የእኛ ወገን ነው የምንለውን ጭምር፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ የትኛውን አገኘኸው? የትኛውንስ ገመትከው? ለይቶ ካልነገረን ለፈጠራው ደም እንድንከፍልለት ሊጠይቀን መብት የለውም።