ሲዲ ማቃጠያዋ መጣች፤ ትጠቅመናለች ወይ?

ባለፈው ዕትም የልጆችን ደብተር ከክረምቱ ዝናብ እንዴት እንደምናድን ጽፈን ነበር። ብዙዎቻችሁ "ደብተሩስ ይሁን፣ ሰርተፊኬቱንና ፎቶውን ምን እናድርገው?" ብላችሁ ጠየቃችሁን። ልክ ናችሁ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከውጭ አገር በሰው እጅ ትንሽ ካርቶን ላከልን። ገዳሪፍ ድረስ ደኅና መጣች፤ ከገዳሪፍ ወዲህ ግን ያ የምታውቁት ጥቁር ጭቃ ሎሪውን ይዞት ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አደረች። ስንከፍታት ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የምትገናኝ የሲዲ ማቃጠያ ናት፤ ፈረንጆቹ "በርነር" የሚሏት። ስጦታ ስለሆነች ልጁን አመስግነናል። ነገር ግን የእናንተን ማስረጃ የምናስቀምጥባት ዕቃ ስለሆነች ዝም ብለን አናሞግሳትም። ሁለት ሳምንት ሞክረናታል፤ ያየነውን ደጉንም ክፉውንም እንነግራችኋለን።

ወሬው እንደተሰማ መጀመሪያ የመጡት አንዲት እናት ናቸው። የልጃቸውን የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

"መምህር፣ ወረቀት ታቃጥላላችሁ አሉኝ፤ እውነት ነው?"

"አዎ እማማ፣ ይስጡንና እናቃጥልልዎ" አልን ሳናስብ።

ፌስታሉን ወደ ጉያቸው ሸጎጡት። "ከቤቴ ይዤ የወጣሁት ይቺን ብቻ ነው፤ ደግሞ እናንተ ልታቃጥሏት?"

እኛም ሳቅን፣ እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። ልጁ ለሥራ ካርቱም ሄዶ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እዚያ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ወሬው የለም። "ሲመጣ ወረቀቴስ ይለኛል" አሉን። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ለእሳቸው የነገርናቸውን ለእናንተም እንንገራችሁ። ማቃጠል የሚባለው ስሙ ነው እንጂ እሳት የለበትም። ባዶ ሲዲ ውስጥ ስስ ቀለም አለ። ማሽኗ በሌዘር ጨረር ቀለሙ ላይ ዓይን የማያየው ምልክት ታደርግበታለች። ያ ምልክት ተመልሶ ሲነበብ ፎቶ ወይም ድምፅ ይሆናል። ወረቀታችሁ አይነካም፤ በስልክ ፎቶ ይነሣና ፎቶው ነው ሲዲው ላይ የሚገባው።

ካርቶኑ ውስጥ ያገኘነው ይህን ነው፦ ከመማሪያ መጽሐፍ ያነሰች ማሽን፣ ባለ ሁለት ራስ የዩኤስቢ ገመድ፣ ትንሽ መመሪያና 10 ባዶ ሲዲ። ማሽኗ የራሷ የኤሌክትሪክ ገመድ የላትም፤ ኃይሏን ከላፕቶፑ ነው የምትወስደው። ላፕቶፑ በሶላር ቻርጅ ከተደረገ ጄኔሬተር አያስፈልግም ማለት ነው። ፕሮግራም መጫንም አላስፈለገንም፤ ዊንዶውስ ራሱ አወቃት።

የመጀመሪያው ሲዲ ግን ተበላሸ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ገመዱ ለምን ሁለት ራስ እንዳለው ሳናጣራ አንዱን ራስ ብቻ፣ ያውም ማውስና ፍላሽ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ሰካነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የተለመደው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ እንዲህ ያለች ማሽን በምትጽፍበት ጊዜ ከዚያ በላይ ልትፈልግ ትችላለች። ሁለቱንም ራስ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስንሰካ ሁለተኛው ሲዲ ያለ ችግር አለቀ።

ሦስተኛውን ቀትር ላይ ሞከርን። ጽፋ ጨረሰች፤ መልሰን ስናነበው ግን ሁለት ፎቶ አልከፈት አለን። መመሪያውን ብናይ ማሽኗ የምትሠራው እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ነው ይላል። የቆርቆሮ ክፍላችን ቀትር ላይ ከዚያ እንደሚበልጥ ለማወቅ ቴርሞሜትር አያሻም፤ በሚያዝያማ ውጭውም 40 ያልፋል። ስለዚህ ሥራውን ወደ ጧት አዞርነው፤ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። ፍጥነቷንም ቀነስን። ካርቶኑ ላይ 24 ኤክስ ይላል፤ 1 ኤክስ ማለት በሴኮንድ 150 ኪሎ ባይት ነው። በ10 ኤክስ ሙሉ ሲዲ 9 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ወዲህ የሠራናቸው አምስቱም ደኅና ናቸው። በጠቅላላው ከ10 ሲዲ 2 ተበላሹ፣ 6 ሠሩ፣ 2 ቀሩን።

ወጣቶቹ ይከራከሩናል። "ቲቸር፣ አንድ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ እኮ ከ40 ሲዲ በላይ ይይዛል፤ ይሄ የድሮ ነገር ምን ያደርጋል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋ ባይት ነው። ሲዲ ለገበያ የወጣውም በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ማንበቢያው የላቸውም። ግን እኛም እንጠይቃችሁ፤ ስንቱን ፍላሽ ቫይረስ በላው? ስንቱንስ ልጅ ዘፈን ልጫን ብሎ አጠፋው? ሲዲ-አር የተባለው ግን አንዴ ተጽፎበት ከተዘጋ ሊሰረዝ አይችልም፤ ቫይረስም ኋላ አይገባበትም። ሲዲ-አርደብልዩ የሚለውን ለዚህ ሥራ አትግዙ፤ እሱ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበት ነው። "ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠው" ላላችሁም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ዘመዱን እንኳ ማግኘት እንዳቃተው አትርሱ።

ለድምፅም ትሆናለች። ሽማግሌዎች ሲያወጉን፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ኡም ራኩባ ከገቡት መካከል መጻፍ የማይችሉት ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ለዘመድ ይልኩ ነበር። ዛሬ በኤምፒ3 ከተቀዳ አንድ ሲዲ 12 ሰዓት ያህል ንግግር ይይዛል። አያቶቻችሁ በሕይወት እያሉ የዘር ሐረጉን ያስቆጠሩ እንደሆነ ለልጆች ይቀራል።

አሁን ደግሞ ክፉውን እንንገራችሁ። ሲዲ ለዘላለም አይኖርም። ፀሐይና ሙቀት ቀለሙን ያበላሹታል። ስለዚህ ቆርቆሮ ሥር ወይም መስኮት ዳር አታስቀምጡት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ያለበት ሣጥን ውስጥ ዝቅ አድርጉት። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው፤ ሲዲ ላይ ግን ጽሑፉ ያለው ከጀርባው፣ ስም ከምንጽፍበት ወገን ሥር ነው። እዚያ በእስክሪብቶ ጭናችሁ ከጻፋችሁ ይቆረጣል። ለስላሳ ማርከር ተጠቀሙ። አቧራ ከያዘው ከመካከል ወደ ዳር በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አታዙሩት።

አንድ ቅጂም አይበቃም። ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ዋናውንም ወረቀት እንዳትጥሉ! ቅጂ ዋናውን አይተካም፤ ዋናው ሲጠፋ ግን ቁጥሩና ቀኑ በእጃችሁ ስለሚኖር ለማመልከት ይረዳል።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። የስደተኛ መታወቂያችሁና የቤተሰብ ዝርዝራችሁ ያለበትን ሲዲ ለማንም አታውሱ። እኛም ሥራው እንዳለቀ ፎቶዎቹን ከላፕቶፑ በፊታችሁ እንሰርዛለን፤ ካልሰረዝን ጠይቁን፣ አትፈሩን።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ግዙ አንልም፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ግን አንዷ ትበቃለች፣ ትጠቅማለችም። የልጆቻችንን የውጤት መዝገብ ጽፈንባታል።

እኚያ እናት ሁለት ሲዲ ተሰጣቸው። አንዱን ወሰዱ፤ ሁለተኛውን "እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ ባልኖር ልጄ መጥቶ ይጠይቃችኋል" ብለው ተዉልን። ስሙን በማርከር ጽፈን አስቀምጠንለታል።

የምትፈልጉ ቅዳሜ ጧት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤት ኑ። ባዶ ሲዲ የቀረን 2 ብቻ ስለሆነ ገዳሪፍ ገበያ የሚወርድ ሰው ካገኛችሁ ሲዲ-አር አስመጡ።

እስከሚቀጥለው ዕትም በሰላም ያገናኘን።