አጎበሩ ከማዳበሪያው ይውጣ!

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የራያ ቆላ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። ጎሊናና ሆርማት ሲጎድሉ በየአሸዋው ላይ ኩሬ ጥለው ይሄዳሉ፤ ማሽላው ያሽታል፤ ሲመሽ ትንኙ ይነሳል። ከዚያ የጤና ጣቢያው በረንዳ ጋቢ ተከናንበው በሚንቀጠቀጡ ሰዎች ይሞላል። ይህ ለቆቦ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። የሚያሳፍረው፣ የወባ መከላከያው አጎበር በስንቶቻችን ቤት ተቀምጦ ሳለ መታመማችን ነው።

አንድ ቤት ልንገራችሁ። ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ሰዎቹ ታታሪና ደግ ናቸው። ሁለት አጎበር ተሰጥቷቸው ነበር። አንደኛው ከነፕላስቲኩ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ «ለክፉ ቀን» ተብሎ። ሁለተኛው ተቀዶ ለፍየል ማሰሪያ ገመድ ተፈትሏል። ሲመሽ እናት ከጡት ልጇ ጋር መደብ ላይ ትተኛለች። ሦስቱ ልጆች በሩ አጠገብ ሰሌን ላይ ይደረደራሉ። አያታቸው ሙቀቱን ሸሽተው ደጅ ባወጡት የጠፍር አልጋ ላይ ያርፋሉ። ትልቁ ልጅ ማሽላ ሊጠብቅ ማማ ላይ ያድራል። በጥቅምት ሕፃኑን አተኮሰው። «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ተብሎ ሁለት ቀን ታለፈ። በሦስተኛው ሌሊት ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፤ እናቱ አዝላው በጨለማ ሮጠች። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ነገር ግን እሱ ሲነሳ እናት ተኛች፣ እናት ስትነሳ አያት ወደቁ፤ ማሽላውም አጫጅ አጥቶ ከረመ። ክፉው ቀን መጣ፤ አጎበሩ ግን ከቆጥ አልወረደም!

እንዲህ ያለው ቤት አንድ ብቻ አይደለም። ከታኅሣሥ 2016 ማብቂያ እስከ ጥቅምት 2017 መግቢያ ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ፣ 1,157 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። በ1950 እና 51 ዓ.ም. የተነሳው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ያኔ እንዲህ ያለ አጎበር አልነበረም። ዛሬ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጤና ተቋሞቻችን ሲዘረፉ በዓይናችን አይተናል። መንገድ በተዘጋ ቀን መድኃኒት እንደማይደርስም እናውቃለን። ታዲያ በእጃችን ያለውን ለምን ቆጥ ላይ እናቆየዋለን?

ዛሬ ማታ ስቀሉት! አልጋ አትቁጠሩ፤ ሰው ቁጠሩ። ሰሌን ላይ የሚተኛው ልጅ ሰው ነው፤ ደጅ የሚያድሩት አያትም፣ ማማ ላይ ያለው ጎረምሳም። ነፍሰ ጡር ካለች ለእሷ ቅድሚያ ስጡ፤ ወባ ፅንሱንም አይምርም። የቅሬ ዳኞች ሆይ፣ ለቀብር አንድ ሰው የማይቀርበት ቅሬያችን በሕይወት ላለ ጎረቤት ሚስማር ለመምታት አይሰንፍ! ቤት ለቤት ዙሩ፣ አቅም ላነሳቸው ስቀሉላቸው። ካህናትና ሼሆች፣ ከቅዳሴው በኋላ፣ ከጁምዓው በኋላ ተናገሩ። አዲስ አበባም ሆነ ዐረብ አገር ያላችሁ የራያ ልጆች፣ ቤት ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥላችሁ «አጎበሩ ተሰቅሏል ወይ?» በሉ። ካልተሰቀለ ስልኩን ሳትዘጉ አሰቅሉ!

አዲሱን አጎበር አንድ ቀን ጥላ ላይ አናፍሱት። አራቱን ማዕዘን አስራችሁ ጠርዙን ከፍራሹ ወይም ከሰሌኑ ሥር ወትፉ። ደጅ ለሚተኛ አራት እንጨት ይበቃል። ትንኟ ከመሸ ጀምሮ ስለምትናከስ ልጆችን በጊዜ አስገቧቸው። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃና በተራ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፤ በረኪና አይንካው። ቀዳዳውን ስፉ። ኩራዝና ሻማ አርቁለት። ኬሚካል የተረጨ ግድግዳ በጭቃም በእበትም አትለቅልቁ። ትኩሳት የጀመረው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ይድረስ። አጎበር የሌላችሁ፣ በተለይም በመፈናቀል ያጣችሁ፣ በዚህ ሳምንት ከቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዘንድ ተመዝገቡ።

ለመረጃ በነፃ የስልክ መስመር፦ 952 ወይም 8335።