«አንዴ ድገመው!»፦ በሰው ሳንባ የሚነሳ ፎቶ

በአዲስ አበባ የሰርከስ ልጆች በሆቴል ግቢ፣ በሠርግና በበዓል ዋዜማ ዝግጅት ላይ በእሳት ሲጫወቱ ማየት ብርቅ አይደለም። አንዱ ሁለቱም ጫፉ የሚነድ ዱላ ያሽከረክራል። ሌላዋ በሰንሰለት ጫፍ የታሰረ እሳት በራሷ ዙሪያ ታዞራለች። ሦስተኛው አፉ ውስጥ የያዘውን ነዳጅ በችቦው ላይ ሲተፋው ነበልባሉ ከቁመቱ በላይ ይወጣል። ታዳሚው ያጨበጭባል። ከጭብጨባው መሃል ግን አንድ የተለመደ ድምፅ ይሰማል፦ «አልመጣልኝም! አንዴ ድገመው!»

ተናጋሪው ፎቶ አንሺው ነው። ይህ ልማድ መቆም አለበት።

ሙሽሮችን «እንደገና ፈገግ በሉ» ማለት የሚያስከፍለው ትዕግሥት ብቻ ነው። እሳት የሚተፋን ልጅ «ድገመው» ማለት ግን «ላምባውን እንደገና ጉረስ» ማለት ነው። ላምባ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ልጁን ትን ብሎት ጥቂት እንኳ ወደ ሳንባው ከገባ በፍጥነት ይሰራጭና ሳንባውን ያስቆጣል። በሰዓታት ውስጥ ሳል፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ይከተላል። ጉዳቱ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ስለሆነ ስም ወጥቶለታል፤ «የእሳት በሊታ ሳንባ» ይባላል። ቤንዚን ከሆነማ የባሰ ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል።

አምስተኛው ትፋት ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይደለም። ትንፋሽ ይደክማል፣ ከንፈርና አገጭ በነዳጅ ይርሳል፣ ነፋስም አቅጣጫ ይቀይራል። አበው «በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ መለካት» የሚሉት ይኼንኑ ነው። ፎቶው የአንሺው፣ እጁ የሌላ ሰው።

ለመሆኑ ፎቶው ያልመጣው ለምንድን ነው? እሳቱማ ነዷል፤ ሕዝቡም አይቶታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካሜራው አያያዝ ነው። አውቶማቲክ ላይ የተተወ ካሜራ ዙሪያውን ጨለማ ሲያይ ብርሃን ያነሰው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሻተሩን አዘግይቶ ነበልባሉን ነጭ ጨርቅ ያስመስለዋል። ፎከሱም በጨለማ የሚይዘው አጥቶ ወዲያና ወዲህ ሲል ሁለቷ ሰከንድ ታልፋለች።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ትርኢቱ ሳይጀመር ልጁ የሚቆምበት ቦታ ላይ በእጅ ባትሪ እያበሩ ፎከሱን ማስተካከል፣ ከዚያ ወደ ማንዋል መቀየር። ለሚተፋ እሳት ሻተሩን ወደ 1/500 ሰከንድ ማፍጠን፣ መጋለጡን ለጨለማው ሳይሆን ለነበልባሉ መለካት፣ በተከታታይ ማንሻ መጠቀም። ለሚሽከረከር እሳት ደግሞ ካሜራውን በማቆሚያ አስሮ ሻተሩን ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ክፍት መተው ነው፤ የብርሃኑ ክብ ራሱ ይሣላል። ይህን የተዘጋጀ ሰው «ድገመው» የሚልበት ምክንያት እምብዛም አይኖረውም። ያልተዘጋጀ ደግሞ የራሱን ስንፍና በሌላ ሰው ትንፋሽ ሊሸፍን አይገባውም።

ፍላሽ የሚጠቀሙትስ? «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚባለው ለእነሱ ነው። እሳቱ ራሱ ብርሃን ሆኖ ሳለ ሌላ መብረቅ ሲጨመርበት ነበልባሉ ይገረጣል፣ ከኋላ ያለው የፕላስቲክ ወንበርና የኤሌክትሪክ ገመድ ፊት ለፊት ይወጣል። ይህ የመልክ ጉዳይ ነው ቢባል እንኳ ሌላ የማይታለፍ ነገር አለ። ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ ፍላሽ ሲበራ ለጥቂት ሰከንዶች ያሳውራል። በዚያች ቅጽበት ልጁ የወረወረው የሚነድ ዱላ በአየር ላይ ነው። ስልኩን ዘርግቶ እስከ መድረኩ ጫፍ የሚጠጋው ታዳሚም ልጁ ለነፋሱ ብሎ የተወውን ርቀት ይበላበታል።

«ተከፍሏቸዋል እኮ» የሚል ክርክር ይመጣል። የተከፈላቸው ለትርኢቱ ነው፤ ከትርኢቱ በኋላ ለሚደረግ ልምምድ አይደለም። «ማስታወቂያ ይሆንላቸዋል» የሚሉም አሉ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው በምን ይተዋወቃል? ፎቶው ገጽ ላይ ሲወጣ የአንሺው ስም በጉልህ ይታተማል፤ ልጁ ግን «እሳት ተፊ» ብቻ ነው።

ጠንከር ያለው ክርክር የሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ግን በሕዝብ ፊት የተደረጉ ነገሮችን ከዚህ ክልከላ ያወጣል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው «በአደባባይ ነው ያነሳሁት» ቢል መከራከሪያ አለው። ይሁን። ነገር ግን በአደባባይ የሆነን ነገር ማንሳትና አንድን ሰው ለካሜራ ሲባል አደጋ ላይ ቁም ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ትፋት ለሕዝብ የተደረገ አይደለም፤ ለሌንስ የተደረገ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የሁለት ሰከንድ እሳት ለአንሺው የሩብ ምዕተ ዓመት ሀብት ሲሆን ለጎራሹ ምን ደረሰው? ሕጉ ዝም ባለበት ኅሊና መናገር አለበት።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንሺው ከትርኢቱ በፊት ቡድኑን ያነጋግር፤ የት እንደሚቆም፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይወቅ። ፍላሹን ያጥፋ። ፎቶውን ለልጆቹ ይስጥ፣ ሲያወጣው ስማቸውን ይጻፍ፣ ከሸጠው ያካፍላቸው። አዘጋጁም ስንት ጊዜ እሳት እንደሚተፋ በውሉ ላይ ያስፍር፤ እርጥብ ፎጣ የያዘ ሰው ከጎን ያቁም።

ልጁ የተስማማበትን ጨርሶ አፉን ሲጠርግ ሥራው አልቋል። ፎቶው ካልመጣ አልመጣም፤ አንሺው ቤቱ ገብቶ ካሜራውን ይማር።