የካራማራ ግራርና የስፖንጅ ዛፍ

የአንድ ሕንፃ ወይም የአንድ ከተማ ሞዴል ለሕዝብ ሲቀርብ የተመልካች ዓይን የሕንፃውን ትልቅነትና ትንሽነት የሚለካው አጠገቡ በቆመው ዛፍ ነው። ታዲያ ይህ መለኪያ የሆነ ዛፍ የማን አገር ዛፍ ነው? ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ተነክሮ፣ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ በሽቦ ጫፍ ላይ የተሰካ ስፖንጅ ነው። ለባሕር ዳርም እሱ፣ ለጅጅጋም እሱ! የየትም አገር ስላልሆነ ለሁሉም አገር ይበቃል የተባለ ይመስላል።

ከሐረር ተነስቶ በባቢሌ በኩል የካራማራን ጋራ አቋርጦ ወደ ጅጅጋ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ ግን የሚያውቀው ግራርን ነው። ሶማሌው ቁራዕ የሚለው ግራር ቅርንጫፎቹን እንደ ዣንጥላ ዘንግ ይዘረጋል፤ ቅጠሉም ከአናቱ ላይ እንደ ስስ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰማዩን በመሐሉ ያሳያል።

የሞዴል ሠሪዎች መከራከሪያ፣ እያንዳንዱን ቅጠል መሥራት አይቻልም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ ለእነርሱ አይመሰክርም። በ1 ለ200 ልኬት 8 ሜትር የሚረዝም ግራር 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን ንዑስ ቅጠሉ ደግሞ የሚሊ ሜትር 2 መቶኛ፣ ማለትም ትቢያ ትሆናለች። እንግዲህ እውነታዊነት ቅጠል በመቁጠር አይገኝም። ብርሃን በቅጠሉ መካከል እንዴት እንደሚያልፍና ጥላው መሬት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አጥንቶ በመሥራት እንጂ። የስፖንጁ ኳስ ጥላ የድንጋይ ጥላ ነው።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲገመድ ግንድ፣ ጫፉ ሲፈታ ቅርንጫፍ ይሆናል። በላዩ የተባዘተ ቃጫ በስሱ ይለጠፋል፤ ኮላ ተቀብቶም በወንፊት የተነፋና አስቀድሞ የተቀለመ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል። ቀለሙ የበጋ አቧራ የጠጣ፣ ግራጫ የገባበት አረንጓዴ ይሁን። ግመልና ፍየል የደረሱበት ዛፍ ከሥሩ የተላጨ ነውና ሠሪው ይህንንም አይርሳ።

በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1936 በተከፈተው፣ የኢትዮጵያን የደጋ አጋዘን ጭምር በሚያሳየው የአፍሪካ አዳራሽ ባለሙያዎች ቅጠሉን በየሥፍራው ከሚበቅለው ዕፅ እየቀዱ በእጅ ሠርተውታል። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለአፍሪካ ቅጠል ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ የጅጅጋን ሞዴል የሚሠራ ሰው ደጃፉ ላይ ያለውን ግራር ቀና ብሎ እንዳያይ ምን ያግደዋል?

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ የተመለሰችበትን የካራማራን ውጊያ በሞዴል አሳያለሁ የሚል ቢነሳና ጋራውን በለምለም ደን ቢሸፍነው፣ የሚዋሸው ስለ ዛፍ ብቻ አይደለም። በሳሳ ግራር ሥር መከለያ ያጣውን ወታደር ተመልካች ከቶ ሊረዳው አይችልም።

ይህ ሁሉ የጌጥ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ ካለ ሞዴል የሚጸድቅ ነገር መሆኑን ዘንግቷል። ገሎል የተባለው ግራር ለከሰል በሚቆረጥበት አገር፣ የሶማሌ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ሸንጎ ተቀምጠው በሔር ሕግ ካሳ የሚቆርጡበት ዛፍ በሞዴሉ ላይ በድቡልቡል ስፖንጅ ተተክቶ ሲጸድቅ፣ እውነተኛው ዛፍ ከመዝገብ ወጣ ማለት ነው። ዶዘሩ ሲደርስ ሹፌሩ ፕላኑን ዘርግቶ ቢያይ እንዲህ ያለ ዛፍ አያገኝም።