ስለ ሕዝብ ጤና ነገን አስቀድሞ ማሰብ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የአዲስ አበባ ሰው የየደጁን ጥራጊ ሰብስቦ ሲያቃጥል ጢሱ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ በከተማው ሁሉ ላይ ይታያል። ይህ ልማድ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ከተማውን የመታውን የኅዳር በሽታ የሚያሳስብ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ጥቂት፥ የሕክምናውም ቦታ ያልተሰናዳ ስለ ነበረ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ያለፈውን መከራ ማስታወስ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ያለፈውን ማስታወስ ብቻውን የሚመጣውን አይመልስም። ላለፈው መከራ የመታሰቢያ ቀን ያለው ሕዝብ ለሚመጣውም የማሰቢያ ቀን ሊኖረው ይገባል።

ይህን ነገር ለመመርመር የጉለሌ ክፍለ ከተማ የተመቸ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚሁ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመውና ብዙ ድኻ ሲታከምበት የኖረው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በዚሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ሲያስታምም የኖረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ከእንጦጦ ተራራ ላይ ሆኖ ክፍለ ከተማውን ይመለከታል። ከነዚህ ታላላቅ ቤቶች አጠገብ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በመቃው ላይ ጐንበስ ብሎ ይውላል፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶችም ይታያሉ። ስለ ጤና የሚታሰበው ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው ወደነዚህ ሰዎች ነው።

ባለፉት ዘመናት የተገኘው ፍሬ የሚናቅ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይኸው ቍጥር ወደ 67 ዝቅ ብሏል። በወሊድ ምክንያት ይሞቱ የነበሩት እናቶችም ከመቶ ሺህ ወሊድ 871 የነበሩት 412 ሆነዋል። ለዚህም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታላቅ ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ በሽታም እንደ ሰው ጠባዩን ይለውጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ፥ በየመስጊዱና በየማዘጋጃ ቤቱ መካነ መቃብር የሚቀበሩትን ሰዎች እያስመዘገበ የሞታቸውን ምክንያት ሲመረምር፥ በከተማው ከሚሞቱት ዐዋቂዎች ግማሽ ያህሉን የሚገድሉት እንደ ደም ግፊት፥ እንደ ልብ በሽታ፥ እንደ ስኳርና እንደ ካንሰር ያሉ የማይተላለፉ በሽታዎች ሆነው ተገኝተዋል። የመቃብር መዝገብ ለሙታን ቢጻፍም የሚጠቅመው ለሕያዋን ነው።

የሕዝቡም ቍጥርና ዕድሜ እንደዚሁ ተለውጧል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገሩ ሁሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ስትወልድ የአዲስ አበባ ሴት ግን የምትወልደው 1.8 ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማው የሚያድገው በውልደት ሳይሆን ይልቁን ከገጠር በሚመጣው ወጣት ነው፤ ያ ወጣት ደግሞ አንድ ቀን ይሸመግላል፥ የሚጦሩትም ልጆች ጥቂቶች ይሆናሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጉለሌ ሕዝብ ከ260 ሺህ በላይ ነበረ። ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ቆጠራ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ተላለፈ። በዚህ መካከል አሮጌ መንደሮች እየፈረሱ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ሐኪም ቤቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሕመምተኛው ቤቱን ለውጧል ማለት ነው።

በገንዘብም ረገድ ነገሩ እንደዚሁ ነው። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ያህል ነበረ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት ሁሉ የሚገዛው በዚህ ዋጋ ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ሆኗል።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2007 ዓ.ም. እስከ 20 ዓመት የሚያደርስ ታላቅ ራእይ ጽፎ ነበር። ኢትዮጵያ በ2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች፥ በ2035ም ከዚያ ከፍ ካሉት ጋራ በጤና ትስተካከላለች የሚል ነው። ራእዩ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ በሰሜን የተነሣው ጦርነት ብዙ ሐኪም ቤቶችን አወደመ፤ ዋጋውም ርዳታውም ከላይ እንደ ተነገረው ሆነ። ግቡ ስሕተት አልነበረም፤ ጕድለቱ መንገዱ አንድ ብቻ ይሆናል ብሎ መነሣት ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ ወንዙ ቢሞላ በየት እንደሚሻገር ሳያስብ ከቤቱ አይወጣም።

በሌላው ዓለም ይህን የመሰለ አሳብ ከተለመደ ቈይቷል። ሼል የሚባለው የነዳጅ ዘይት ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነዳጅ ዋጋ ድንገት ቢወደድስ ብሎ አስቀድሞ መርምሮ ስለ ነበረ፥ በ1973 ዋጋው በናረ ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ ተዘጋጅቶ ተገኝቷል። የዚህ ዘዴ ቁም ነገሩ ትንቢት መናገር አይደለም። ሊሆኑ የሚችሉትን ጥቂት ዘመናት እያንዳንዳቸውን እንደ መጡ ቈጥሮ፥ ዛሬ የሚደረገው ሥራ በሁሉም ይጸናል ወይስ ይፈርሳል ብሎ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ በ2027 ዓ.ም. የሚኖረውን ጉለሌ በሦስት መልክ ማሰብ ይቻላል። በመጀመሪያው ሥራና ገንዘብ በዝቶ ወጣት ከየአገሩ ይጐርፋል፤ የሚወልደው፥ በመኪና የሚጐዳውና በስኳር በሽታ የሚያዘው ይበዛል። በሁለተኛው ኑሮው ተወድዶ ርዳታው ቀርቶ ሽማግሌው ብቻውን ይቀራል፤ የደም ግፊት ክኒን ጀምሮ ዋጋው ሲከብደው ከመንገድ ያቋርጣል። በሦስተኛው ወረርሽኝ ወይም ሌላ መከራ መጥቶ ከየስፍራው የተፈናቀለው ሰው በአንድ ጊዜ በሐኪም ቤቱ ደጅ ይቆማል።

በአንደኛው ብቻ የታመነ ሰው ታላቅ መሣሪያ ይገዛል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኵላሊት ንቅለ ተከላ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ስለ ሆነ አገሩ ሁሉ ኰርቶበታል፥ መኩራትም ይገባዋል። ዳሩ ግን ኵላሊትን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኞቹ ያልታከመ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው። ኵላሊቱ የደከመ ሰው ደሙን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በመሣሪያ ማሳጠብ ያስፈልገዋል፤ የማጠቢያውም ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ በሁለተኛው ዘመን ይጐድላል። በየጤና ጣቢያው ደም ግፊትን መለካትና ርካሹን ክኒን ሳያቋርጡ መስጠት ግን በሦስቱም ዘመን ይጠቅማል። አበው ሳይደርቅ በርጥቡ እንዳሉት ነው።

በሦስቱም ዘመን የሚጸኑ ሌሎች ሥራዎችም አሉ። የልደትና የሞት መዝገብ በትክክል መያዝ አንድ ነው፤ ሕዝቡን ያልቈጠረ ሐኪም ቤት አልጋውን በግምት ይዘረጋል። መድኃኒትን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ሁለተኛው ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋውን የማኅበረ ሰብ የጤና መድን ማጽናት፥ መዋጮውንም የከፈለ ሰው መድኃኒቱን እንዳያጣ ማድረግ ሦስተኛው ነው። አራተኛው የጤና ሠራተኛው በሥራው ጸንቶ እንዲኖር ኑሮውን መመልከት ነው፤ ያለ እርሱ ግድግዳው ብቻውን አያድንም።

የዛሬው ሕመምተኛ ደጅ ቆሞ ሳለ ስለ ነገው ማሰብ ለድኻ አገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አነጋገሩ ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ በቸልታ አይታለፍም። ነገር ግን ባለጠጋ ቢሳሳት ሁለተኛ ይገዛል፤ ድኻ ከተሳሳተ የሚገዛበት የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ከባለጠጋው ይልቅ ለድኻው የተገባ ነው። ወጪውም ብዙ አይደለም፤ የወረዳው ሹም፥ የጤና ጣቢያው ነርስ፥ የእድሩ ዳኛና የመቃብሩ መዝገብ ጸሓፊ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ከሦስቱ ዘመናት የትኛው እየቀረበ እንደ ሆነ በምልክቱ ቢመረምሩ፥ የተገኘውም አሳብ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ ቢገባ ይበቃል።

ለዚህም ከኅዳር 12 የሚሻል ቀን አይገኝም። ጠዋት ጥራጊው ሲቃጠል ያለፈው ይታሰባል፤ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣው ምክር ቢደረግ፥ በ1911 ዓ.ም. ሳይታሰብባቸው ለሞቱት ሰዎች ከጢሱ የበለጠ መታሰቢያ ይሆናል።