የአገልግሎት ክፍያውም በውሉ ይስፈር

በአዲስ አበባ ግቢያቸው በታጠረ አፓርታማዎች የሚኖር ተከራይ ከኪራዩ ሌላ በየወሩ የሚጠየቀው የአገልግሎት ክፍያ በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። መልካም ነው። በዋናው በር የተገታው ተጨማሪ ክፍያ ግን በጓሮ በር ሊገባ ይችላል። ለጥበቃ፣ ለሊፍት፣ ለጄኔሬተር ናፍጣና ለውኃ ፓምፕ እየተባለ የሚጠየቀውን ገንዘብ ተከራዩ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ዕቃውን ካስገባ በኋላ፣ በሊፍቱ በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 በሚቋቋም የጋራ ሕንፃ ማኅበር ደግሞ አባላቱ የቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ከኪሱ የሚከፍለው ተከራይ በክፍያው ውሳኔ ድምፅ የለውም። ናፍጣም ሆነ ጥበቃ በነፃ እንደማይገኝ የሚክድ የለም፤ ጥያቄው ልኩ አስቀድሞ ይታወቅ የሚል ነው።

ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያው መጠንና ዝርዝር ያልተጻፈበት የአፓርታማ ኪራይ ውል መመዝገብ የለበትም። በውሉ ዘመን የሚመጣ ጭማሪም፣ ተከራዩ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር፣ የአከራዩ ዕዳ ይሁን።