ለባሮ ዓሣ ወለሉን ለኩለት
ከጋምቤላ የባሮ ወንዝ የወጣ ትንሽ ፖሊፕተረስ፣ ያ ጀርባው ላይ ትንንሽ ክንፎች የተደረደሩለት ዓሣ፣ በመስታወት ገንዳ ማሳደግ የሚያምረው ሰው የገንዳውን ቁመት አይቶ እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ። የዚህ ዓሣ ኑሮ ወለል ላይ ነው፤ ክረምት ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ሲያለብሰው ሣር ሥር እያደባ ያድናል። ስለዚህ ርዝመቱ ቢያንስ 120፣ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከሥሩ ለስላሳ አሸዋ የተነጠፈበት ገንዳ ይፈለግለት። ጣት ስለሚያህል ብቻ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ጭካኔ ነው፤ ትንሹ ዝርያ እንኳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ክዳኑን ደግሞ አደራ! ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስለሚስብ ከውሃው በላይ ክፍተት ይተውለት፤ የቱቦ ማሳለፊያው ቀዳዳ ግን በደንብ ይደፈን፣ በእሱም ሾልኮ ይወጣልና። በ2014 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እነዚህን ዓሦች 8 ወር ያህል እርጥብ የብስ ላይ አሳድጓል፤ ደረቅ የሳሎን ወለል ግን ይገድላቸዋል። ጂምናርከስ የተባለው ሌላው የባሮ ዓሣ ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ ግልገሉን ያገኘ ሰው እዚያው ወንዙ ውስጥ ቢተወው እመርጣለሁ።